የሳሎን አየር ኃይል

ሄሊኮፕተር ቤት ውስጥ ለማብረር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ባትሪው፣ ሪሞቱ፣ ቻናሉ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው መጫወቻ ሱቅ ገብቶ «እስቲ ያቺን ቀይዋን አውርድልኝ» ቢል ባለሱቁ ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። «ለልጄ ነው» ካለ ግን ወንበር ይሳብለታል። የልጁን ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። አንድ ወዳጄ የመጀመሪያዋን ሄሊኮፕተር የገዛው ልጁ ጥርስ ሳያበቅል ነበር፤ «ያድግባታል» አለ። ልጁ ጥርስ ሲያወጣ አባት አራተኛዋን ሰብሮ አምስተኛዋን እያጠና ነበር። የራሱ ልጅ የሌለው ደግሞ የእህት ልጅ አያጣም፤ እሱም ከጠፋ የክርስትና ልጅ አለ። ስሙን እንኳ ረስቶት የከረመውን የክርስትና ልጁን በሄሊኮፕተር ምክንያት ያስታወሰ ሰው አውቃለሁ። ቴክኖሎጂ ዘመድ ያቀራርባል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

የእኔዋ ካርቶን ላይ «ዕድሜ 14 እና ከዚያ በላይ» የሚል ተጽፏል። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር የማከብር ሰው ነኝ። ስለዚህ እስኪደርስ ድረስ ስምንት ዓመት እያበረርኩ ልጠብቅለት ግድ ሆነብኝ። ቢያለቅስም ለደኅንነቱ ነው። አንድ ቀን አዝኜለት ሪሞቱን ብሰጠው ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ከመጋረጃው ጋር አጣበቃት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። አያያዙን አይቼ ጭብጦውን ቀማሁት። ቀጥሎ እኔ ከዚያው መጋረጃ ጋር ሳጣብቃት ግን ጥፋቱ የነፋስ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ትምህርት ነው። «ወደፊት ኢንጂነር እንዲሆን» እንላለን። እስካሁን ልጄ ከአባቱ በረራ የተማረው ሄሊኮፕተሯ ብፌ ስትመታ የሚባሉ ሁለት ቃላት ሲሆን፣ እነሱንም ትምህርት ቤት ወስዶ ስላሳየ ተጠርተን ፈርመናል።

ወደ ምርጫው ልግባ፤ ከማብረሩ ይልቅ የሚረዝመው ምርጫው ነውና። የልጁን ትምህርት ቤት የመረጥነው ለታክሲ ስለሚቀርብ ነበር። የምንኖርበትን ቤት ስንከራይ ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ ረስተን ገብተናል። ለሄሊኮፕተሯ ግን ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ቪዲዮ ታይቷል፣ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ተሰምሯል፣ መርካቶ ሦስት ጊዜ ተወርዷል። ባለቤቴ በሌሊት ስትነቃ ስልኬ ፊቴ ላይ እንደበራ ታገኘኝና ከሴት ጋር የምጻጻፍ መስሏት ትጠረጥር ነበር። እውነቱን ስታውቅ የበለጠ አዘነች።

የሳሎን አብራሪዎች ሲገናኙ የሚጠያየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ቻናል ናት?» ቦታ የገዛ ሰው «ስንት ካሬ ነው?» እንደሚባለው። ባለ ሁለት ቻናሏ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ትዞራለች፤ በቃ። ሲልቨርሊት የተባለው የሆንግ ኮንግ መጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. በ2006 ፒኩ ዚ ብሎ ያወጣት እንዲህ ያለችው ነበረች። ክብደቷ አሥር ግራም ገደማ፣ ገላዋ ፎም፣ ወደ ፊት የምትሄደውም በራሷ ፈቃድ። ግድግዳ ብትመታ ግድግዳውም አይጎዳ፣ እሷም አትጎዳ። እንግዲህ ማን ይገዛታል? የማትሰብርም የማትሰበርም ነገር ለቁም ነገረኛ ሰው አትሆንም።

ሦስተኛው ቻናል ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድን ይጨምራል። ሳይማ ኤስ 107 የምትባለው የቻይና ሥራ ከዚህ ወገን ናት። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ገደማ ነው፤ ጭራዋ ላይ ያለችው ሚጢጢ ፕሮፔለር ጠፍጣፋ ተኝታ ጭራዋን ከፍ ስታደርግ አፍንጫዋ ያዘነብልና ወደ ፊት ትሄዳለች። አራተኛው ወደ ጎን መንሸራተት ነው። ከዚያ ወዲያ ስድስት ቻናል ይመጣል፤ የክንፎቿን አጋደል ባንድነት እየለዋወጠች በጀርባዋ ተገልብጣ የምትበር። በጀርባ መብረር ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ምቀኛ አይጠፋም። እግሯ ወደ ላይ ሲሆን የኮርኒሱን የሸረሪት ድር ትጠርጋለቻ!

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር እውነት አለ። ለሳሎን የምትሆነው ሄሊኮፕተር የታወቀች ናት፤ ምርጫው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ሄሊኮፕተር ክንፏን ወደ አንድ ጎን ስታሽከረክር ገላዋ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። ትልልቆቹ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚከላከሉት ጭራቸው ላይ ባለች ትንሽ ፕሮፔለር ነው። ሌላው መንገድ ሁለት ክንፍ አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጎ በተቃራኒ አቅጣጫ ማዞር ነው፤ የአንዱን ግፊት ሌላው ያጠፋዋል። ካሞቭ የተባለው የሩሲያ ፋብሪካ መርከብ ላይ የሚያርፉ ሄሊኮፕተሮቹን በዚህ ዘዴ ሲሠራ ኖሯል። መጫወቻዋም እንዲሁ ስትሆን የቀኝ እጅህን ብትለቅ እንኳ ባለችበት ትንጠለጠላለች። ትንሽ፣ ቀላል፣ ባለ ድርብ ክንፍ። አለቀ።

ግን አምስት ደቂቃ የፈጀ ምርጫ ምን ምርጫ ነው? ደግሞም ባለ ድርብ ክንፏ «የጀማሪ» ትባላለች። በአርባ ዓመቱ ጀማሪ መባል የሚወድ ወንድ አላየሁም። ስለዚህ አዋቂው ባለ ነጠላ ክንፏን ይገዛል። «እውነተኛው ሄሊኮፕተር እንዲህ ነው» ይላል፤ እውነተኛውን ሄሊኮፕተር ያየው በቴሌቪዥን ነው። ዲተር ሽሉተር የሚባል ጀርመናዊ በሬዲዮ የሚታዘዝ ሄሊኮፕተርን እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ለወግ ለማዕረግ ሲያበቃ ውጭ ሜዳ ላይ ነበር። ለምን ሳሎን እንዳልመረጠ አይገባኝም። ብፌ ያልነበረው ሰው መሆን አለበት።

ድርብ ክንፍ የጀማሪ ነው የሚሉኝን ወደ ማርስ እልካቸዋለሁ። ናሳ እዚያ የወሰዳት ኢንጀኒዩቲ 1.8 ኪሎ የምትመዝን ባለ ድርብ ክንፍ ነበረች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2021፣ የምድርን አንድ በመቶ ገደማ በሚሆን ስስ አየር ውስጥ ሦስት ሜትር ወጥታ 39 ሴኮንድ ቆየች። ከምድር የሚላክ ትእዛዝ እስኪደርሳት ደቂቃዎች ስለሚያልፉ እጅ በእጅ የሚዘውራት ሰው አልነበረም፤ አስቀድሞ ይነገራታል፣ የቀረውን ራሷ ትወጣዋለች። አምስት ጊዜ ብትበር ይበቃል ተብላ ሄዳ 72 ጊዜ በረረች። ክንፏ ተሰብሮ ያበቃላት በጃንዋሪ 2024 ነው። የእኔዋን የሚዘውራት ሰው ግን ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ምላሱን ነክሶ ነው፤ ሳትሰበር ሦስተኛውን ቀን አላለፈችም። ሄሊኮፕተር ለመጋጨት አብራሪ እንደሚያስፈልጋት የገባኝ ያኔ ነው።

«ድሮን ለምን አትገዛም?» የሚል አይጠፋም። አራት ክንፍ ያላት፣ ዙሪያዋን በፕላስቲክ የታጠረች፣ ሲለቋት ባለችበት የምትቆም። አንዲቱን ጎረቤት ቤት ልጄ በመጀመሪያው ቀን አበረራት። ይህ ስድብ ነው። ልጅ ሊያበርራት የሚችል ነገር ለልጅ መግዛት ምን የሚሉት ነው?

ቀጥሎ መጠን። የእኔ ሳሎን አራት ሜትር በሦስት ተኩል ነው። ከዚህ ላይ ሶፋው ይቀነስ፣ ብፌው ይቀነስ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውኃ ጀሪካኖቹ፣ በክረምት የልብስ ማስጫው። የሚተርፈው የአየር ክልል አንድ ነጠላ ቢነጠፍ ይሸፍነዋል። ይህንኑ ለባለሱቁ ስነግረው ከሁሉ የምትረዝመውን አወረደልኝ። «ብረት ናት» አለ፣ እንድመዝናት እጄ ላይ እያስቀመጠ፤ «እንደነዚያ የልጅ አይደለችም።» ትከሻዬ ሰፋ። ሁለታችንም በዚያች ሰዓት ልጄን ረስተነው ነበር።

(ቀልዱን ላንድ አፍታ ላቁመው። ውጭ ሜዳ ላይ የሚበሩት ትልልቆቹ፣ ክንፋቸው እንደ ሰይፍ የሆነው፣ ሰው ገድለው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ወጣት የገዛ ሄሊኮፕተሩ መትታው ሞቷል። እንዲህ ያለችውን ልጅ ባለበት ሳሎን ስለሚያስነሣ ሰው ሽሙጥ አይጻፍም፤ ሪሞቱን መቀማት ነው።)

ጥፋቱ የነፋስ ነው ያልኩት ለማምለጫ እንዳይመስላችሁ። ሳሎን ውስጥ ነፋስ አለ፤ የምታመጣው ራሷ ናት። ይህን ያስተማረኝ ቪዲዮ ሳይሆን የባለቤቴ እናት እጣን ነው። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ጢሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ እየወጣ ሳለ አስነሣኋት። ጢሱ ከክንፏ ሥር ወደ ምንጣፉ ወረደ፣ ምንጣፉን ይዞ ሮጠ፣ ግድግዳውን መትቶ ሽቅብ ወጣ፣ ዞረና አናቷ ላይ ተመለሰ። ራሷ የገፋችው አየር መልሶ ራሷን ይገፋታል። ወለል አጠገብ ስትሆን ከሥሯ የታፈነው አየር እንደ ትራስ ይደግፋታል፤ ኮርኒስ ስትጠጋ ወደ ላይ ትሳባለች፤ ግድግዳ አጠገብ ትደናበራለች። ስለዚህ ምክሬ ከወለልም፣ ከኮርኒስም፣ ከግድግዳም ርቃችሁ አብርሩ ነው። በእኔ ሳሎን እንዲህ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያም አምፖሉ ተንጠልጥሏል። እማማ ይህን ሁሉ ጸጥ ብለው ሲያዩ ቆይተው «ይቺ ነገር ዛር ሳይኖርባት አይቀርም፤ እጣን ሲሸታት ተነሣባት» አሉ።

ኢጎር ሲኮርስኪ ቪኤስ 300 የተባለችውን ሄሊኮፕተሩን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1939 አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ሲያላቅቃት በገመድ ታስራ ነበር ይባላል ብዬ እኔም የእኔዋን ከሶፋው እግር ጋር በክር አሰርኳት። ክሩ ዘንጓ ላይ ተጠመጠመ፣ ሶፋው ግን ንቅንቅ አላለም። ሲኮርስኪ ኮፍያውን አድርጎ ያበር እንደነበር በፎቶግራፍ አይቻለሁ። እሱን ትምህርት ተቀብያለሁ፤ ኮፍያው ጠቅሞኛል።

ሪሞቱ የሚሠራው በኢንፍራሬድ ከሆነ፣ የቴሌቪዥን ሪሞት በሚጠቀምበት በዚያ በማይታየው ብርሃን ማለት ነው፣ ፀሐይ ጠላት ናት። ፀሐይም ያንኑ ብርሃን ስለምትረጭ ሄሊኮፕተሯ የጌታዋን ድምፅ መለየት ያቅታታል። ስለዚህ እሑድ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ይዘጋል፣ መብራት ይበራል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ጎረቤታችን ይህን አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩን አንኳኳች። «ማን ሞተ?» አለችኝ። የቅርብ ዘመድ መሆኑን ነገርኳት።

ባትሪዋ 3.7 ቮልት ሊቲየም ናት። በሰባት ስምንት ደቂቃ ታልቃለች፤ ለመሙላት አርባ ሃምሳ ደቂቃ ትፈልጋለች። ሪሞቱ ለብቻው ስድስት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይበላል። መብራት የጠፋ ቀን ከሪሞቱ በምትወጣ ሽቦ ሄሊኮፕተሯን መሙላት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩም አብሮ ያልቅና ሪሞት የሌላት ሙሉ ሄሊኮፕተር ትኖራለች። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰው ቢያንስ ላሙ ቻርጅ አትፈልግም ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንት ደቂቃ አበርራለሁ፤ የቀረውን ሶፋ ላይ ተቀምጬ የቻርጁን መብራት አያለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ምን እየሠራህ ነው?» ትለኛለች። «እያበረርኩ» እላታለሁ።

ይህ ሁሉ ግን የገና ዕለት ከሆነው ጋር ሲተያይ ልምምድ ነበር። የባለቤቴ ወንድም በእኔ ምክር ከዚያው ሱቅ የእኔኑ መንታ ገዝቶ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጁን በአንድ እጁ ካርቶኑን በሌላው ይዞ መጣ። ካርቶኑን ያቀፈበት እጅ ይጠነቀቅ ነበር። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ፈንድሻው ሳህን ሞልቷል፤ እማማ ጋቢያቸውን ደርበው ጥግ ላይ ናቸው። ሪሞቶቹ ኤ እና ቢ የሚል መቀያየሪያ አላቸው፤ ሁለት ሰው ባንድነት ለማብረር አንዱ ኤ ላይ፣ ሌላው ቢ ላይ መሆን አለበት። ሁለታችንም ኤ ላይ ነን።

«አንተ ወደ ቢ ሂድ» አልኩት።

«ለምን እኔ?»

ቤቱ የእኔ ነው። እሱ ደግሞ በዕድሜ ይበልጠኛል። እኔ ቀድሜ ገዝቻለሁ። እሱ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ለሽምግልና የመጣን ቀን ፊት ለፊት ተቀምጦ እሺ ካሉት አንዱ ነው፤ ያንንም አነሣው። ክርክሩ ሁለተኛው ቡና እስኪቀርብ ዘለቀ። ቢ ምን እንደሚጎድለው የተናገረ የለም፤ ቢ መሆን የፈቀደ ብቻ አልተገኘም። በመጨረሻ ሁለቱም ኤ እንደሆኑ ተነሡ።

እኔ ወደ ላይ ስል የሱዋ ትወጣለች። እሱ ወደ ግራ ሲል የእኔዋ ትዞራለች። ሁለቱም ለሁለታችን ይታዘዛሉ፤ ማለትም ለማናችንም አይታዘዙም። ነፋሳቸው ፈንድሻውን ከሳህኑ አንሥቶ በተነው፤ ልጆቹ ወለሉ ላይ ለቀማ ጀመሩ፤ ከዕለቱ በረራ የተጠቀሙት እነሱ ብቻ ናቸው። አንዲቱ ቄጤማው ላይ አርፋ አንድ ዘለላ ዘንጓ ላይ ጠምጥማ እያቃሰተች ቆመች። ሌላዋ ቀጥ ብላ ወደ ብፌው ሄደችና አናቱ ላይ ያለውን የባለቤቴን የምርቃት ፎቶ አጋድማ ጣለችው።

«ያንተ ሪሞት ነው!»

«ያንተ ነው እንጂ!»

ስትነሣ ሁለታችንም አንሥተናት ነበር። ስትወድቅ ግን የጣላት ሰው ጠፋ።

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ስለ እመቤት የተባለ ነገር የለም። ባለቤቴ ፎቶዋን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አንድም ቃል ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች። እኛም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጥረን ቄጤማውን በመርፌ ካወጣን በኋላ ሁለቱንም ቻርጅ ላይ ሰካን። ስለ ቀጣዩ ምርጫም መወያየት ጀመርን፤ ሁለታችንም የተሸወድነው ቻናሉ ላይ መሆኑን ተስማማን።

«ልጄ» አሉኝ እማማ።

«አቤት እማማ።»

«ይቺ ነገር ሰው ትጭናለች?»

«አትጭንም እማማ። ትንሽ ናት።»

«ዕቃስ?»

«ዕቃም አትችል።»

«ከቤትስ ትወጣለች?»

«ከቤት አትወጣም፤ ነፋስ ይጥላታል።»

ጥቂት ዝም አሉ። በመስኮቱ አሻግረው ደጁን አዩ፤ መሽቷል። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እንግዲያው ታክሲ ሳይጠፋ አንዳችሁ ብትሸኙኝ?»

ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ቻርጁ መብራት ዞርን።

«አሥር ደቂቃ ብቻ እማማ» አልን ባንድ ድምፅ፤ «ሊሞላ ነው።»